እስቲ ኩል

በዳላስ የአንድ የኢስቶኒያ ቋንቋ ትምህርት ቤት የወላጆች ኮሚቴ ሊቀመንበር ነኝ። ስሜ ወንድወሰን ነው። የተወለድኩት ደሴ፣ ያደግኩት ደሴ፣ ዲቪ የደረሰኝም ደሴ ሆኜ ነው። ኢስቶኒያን በዓይኔ አይቻት አላውቅም። ከሦስት ዓመት በፊት አገር መሆኗንም አላውቅም ነበር። ይህን ስናገር ሰው ቀልድ ይመስለውና የሚሳቅበትን ቦታ ይጠብቃል። እናንተ እንደፈለጋችሁ፤ እኔ ግን ነገሩን ያወቅኩ ቀን አልሳቅኩም።

ያኔ ሌክ ሃይላንድስ አፓርታማ ውስጥ እንኖር ነበር። እኔ ኤርፖርት ካርጎ ላይ የሌሊት ሺፍት እሠራለሁ። ባለቤቴ ሰላም አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ውስጥ ነርስ ረዳት ናት፤ ቅዳሜም ትገባለች። ልጃችን ናርዶስ ሰባት ዓመቷ ነበር። አማርኛዋ «ውሃ»፣ «በቃ» እና «እሺ» ነበር። እናቴ ከደሴ ስትደውል ናርዶስ ስልኩን ትቀበልና «ሰላም ነው» ብላ መልሳ ትሰጠኛለች።

«ልጅቷን ስልኩ ያቃጥላታል እንዴ?» ትላለች እናቴ።

ታዲያ እናቴ ቪዛ አገኘችና እንደምትመጣ ታወቀ። ሰላም ጭንቀት ያዛት። «አያትና ልጅ በምልክት ሊያወሩ ነው?» አለችኝ። ሥራ ቦታ ለጓደኛዬ ለጌታሁን ሳወራው ችግሬን ባንዴ ፈታው። «ፋርመርስ ብራንች፣ ከመጋዘኖቹ ጀርባ አንድ ቸርች አለ። ሁለተኛ ፎቅ። ቅዳሜ ጠዋት አማርኛ ያስተምራሉ። እኔ ልጄን አምና እዚያ ነበር የምወስደው» አለኝ።

በቅዳሜው ከሌሊት ሥራ እንደወጣሁ ናርዶስን ይዤ ሄድኩ። ሁለተኛ ፎቅ ላይ አንድ በር ላይ በላቲን ፊደል የተጻፈ ወረቀት ተለጥፏል። አነበብኩት፤ «እስቲ ኩል» ይላል። እስቲ የሚለውን ቃል ሳይ ደስ አለኝ። ኩል የሚለው የዓይን ኩል ይሁን ወጣቶቹ የሚሉት የእንግሊዝኛው «ኩል» አልለየሁም፤ ብቻ የዘንድሮ ልጆች ያወጡት ስም መሆኑ አላጠራጠረኝም።

በሩ ላይ ፀጉራቸው ጥጥ የመሰለ አሮጊት ፈረንጅ ቆመዋል። የቸርቹ ሠራተኛ መሰሉኝ። ናርዶስን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ከዚያ በጥያቄ ድምፅ «እስቲ?» አሉኝ።

ፈረንጇ ሳይቀሩ አማርኛ መልመዳቸው ገረመኝ። «የስ፣ የስ! እስቲ!» አልኩ፣ አውራ ጣቴን ቀስሬ። ስልኬን መዘገቡ፣ ልጅቷን አስገቡ። እኔ ቤቴ ሄጄ ተኛሁ።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ መኪናዬን በሩ ላይ አቆማለሁ፣ ናርዶስ ሮጣ ትገባለች፤ ስትወጣም ሮጣ ትመጣለች። ሞተር እንኳ አላጠፋም ነበር።

ትምህርቱ ፍሬ ማፍራት ጀመረ። አንድ ቀን ሰላምን «እማ» አለቻት። ሰላም እንባዋ መጣ። እኔን «ኢሳ» ስትለኝ ግን ነገሩ አልገባኝም።

«ኢሳ ማን ነው?» አልኳት።

«አንተ» አለችኝ።

ምናልባት ክፍል ውስጥ ኢሳ የሚባል ልጅ ይኖርና ተምታቶባት ይሆናል ብዬ ተውኩት። ጁስ ስሰጣት ደግሞ «አይተህ» ትላለች። ምን አይቼ? ዓረፍተ ነገሩን እስክትጨርስ እጠብቃለሁ፤ እሷ ጁሷን ጠጥታ ትሄዳለች። ጠዋት ስትነሳ «ተረ» ትለናለች። «ተረት ተረት ጀምረዋል ማለት ነው» አለች ሰላም። የማናውቀውን ቃል በብዛት ስታመጣ ደግሞ «ግዕዝም ሳይጨምሩበት አይቀርም» አልኩ። ሰላም የሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ ስለነበረች ጥቂት አሰብ አድርጋ «ግዕዝ እንኳ እንዲህ አይደለም» አለች። ግን ደክሟት ነበር፤ ሁለታችንም ደክሞን ነበር።

አንድ ጊዜ ብቻ ነገር ሊነሳ ነበር። ሰላም ስልኬን አንስታ መጣች።

«ማሬ ማን ናት?»

«የናርዶስ ቲቸር ናት።»

«ቲቸሯን ማሬ ነው የምትላት?»

«ስሟ ነው።»

«ማሬ ስም ነው?»

«እኔ አላወጣሁላትም!»

መልእክቱን ደጋግማ አነበበችው። በእንግሊዝኛ «ውድ ወላጆች፣ ቅዳሜ የልጆቻችን የፀደይ ዝግጅት ነው። የሚበላ ነገር ይዛችሁ ኑ። ማሬ» ይላል። ሰላም ለዚያ ቅዳሜ ፈቃድ ወሰደች። ዝግጅቱን ለማየት ነው ያለችው፤ ማሬንም ለማየት እንደሆነ አውቄያለሁ።

እናቴ የገባችው ሐሙስ ነበር። ኤርፖርት ናርዶስ እየሮጠች ሄዳ ፊቷ ቆመችና «ተረ!» አለቻት። እናቴ ሻንጣዋን እንኳ ሳታስቀምጥ «የላም በረት!» አለች። ናርዶስ ተረቱን አልቀጠለችም። እናቴም ተረቱን ጠበቀች። ተያዩ። ከዚያ ተቃቀፉ፤ ጉዳዩ በዚያው ተዘጋ።

ቅዳሜ አራታችንም የሐበሻ ልብስ ለበስን። ሰላም በትልቅ ትሪ የምስር ሳምቡሳ ይዛለች። ናርዶስ አያቷ እንድትሰማት ግጥም ስታጠና ሰንብታለች፤ ለእኛም አላሰማችም፣ ሰርፕራይዝ ነው ብላ። መኪና ውስጥ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች በልቧ ትወጣዋለች።

ፓርክ አድርጌ ወደ ላይ ወጣን። ገና በሩን ስንከፍት ሰላም ቆመች። ክፍሉ ውስጥ ያሉት በሙሉ ፈረንጆች ናቸው።

«ጉዲፈቻ የወሰዱ ቤተሰቦች ይሆናሉ» አልኳት በሹክሹክታ። «የልጆቹን ቋንቋ ለማስተማር ይመጣሉ።»

«ልጆቹስ?» አለች ሰላም።

ልጆቹም ፈረንጆች ናቸው። ከናርዶስ ሌላ አራት ናቸው፤ ፀጉራቸው የበቆሎ ጭራ ይመስላል። ናርዶስ ሮጣ ተቀላቀለቻቸውና አንድ ነገር አለቻቸው፤ ሳቁ። ግድግዳው ላይ ሰማያዊ፣ ጥቁርና ነጭ ባንዲራ ተሰቅሏል። ሴቶቹ መስመር መስመር ያለው ባለ ጥልፍ ቀሚስ ለብሰዋል። እናቴ ወደ ፊት ወንበር ሄዳ ተቀመጠችና አንዷን ቀሚሷን ይዛ መረመረች። «ጥሩ ሸማኔ ነው የሠራው» ብላ ፈረደች። ምግቡ ጠረጴዛ ላይ ጥቁር ዳቦና ያልበሰለ የሚመስል ዓሣ አለ። ሳምቡሳችንን ዓሣው አጠገብ አስቀመጥን።

የበሩ አሮጊት ከፊት ቆመው መናገር ጀመሩ። አንዲት ቃል አልገባኝም። ልጆቹ ተነስተው «ተረ!» አሉ፣ በአንድ ድምፅ። ሰውም «ተረ!» ብሎ መለሰ።

እናቴ ብቻዋን «የላም በረት!» አለች።

ሰላም ክንዴን ይዛ ወደ ኮሪደሩ አወጣችኝ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«አላውቅም።»

«አንተ አይደለህ ያስመዘገብከው?»

«እስቲ ይላል! አንብቢው!» አልኳት፣ በሩ ላይ ያለውን ወረቀት እያሳየሁ።

ሰላም ስልኳን አውጥታ ወረቀቱ ላይ ያለውን ጻፈችው። የወጣላትን አነበበች። ከዚያ በጣም በተረጋጋ ድምፅ «ወንዴ፣ ኢስቶኒያ የሚባል አገር አለ» አለችኝ።

«እና?»

«እና ልጃችን እሱን እየተማረች ነው።»

ስንት ቅዳሜ እንደሆነ ለማስላት ሞከርኩና ተውኩት። ለካ «ኩል» ትምህርት ቤት፣ «ኢሳ» አባት፣ «አይተህ» አመሰግናለሁ፣ «ተረ» ደግሞ ሰላምታ ኖሯል። ሰላም «አሁኑኑ አውጣት» አለችኝ። በሩን ገፋ አድርጌ ገባሁ። ናርዶስ ግን የወረቀት አበባ ራሷ ላይ አድርጋ መድረኩ ጋ ቆማለች፤ ተራዋ ደርሷል። ዓይኗ አያቷ ላይ ነው። እኔን አላየችኝም። ወደ በሩ ተመልሼ ቆምኩ።

ጀመረች። ግጥሙ አጭር ነው። በየስንኙ መጨረሻ «ቫናኤማ» የምትል ቃል ትመላለሳለች፤ ኋላ እንደተረዳሁት በቋንቋቸው አያት ማለት ነው። ያችን ቃል ስትል እጇን ወደ እናቴ ትዘረጋለች። አልተደናቀፈችም፣ አላፈረችም። ጥግ ላይ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ። ጨረሰችና እዚያው ቆመች። አላጎነበሰችም፣ ወደ ቦታዋም አልሄደችም። አያቷ እስክትመልስላት እየጠበቀች ነው።

ክፍሉ በሙሉ ዞሮ እናቴን ያያል። የሚያጨበጭብ እንኳ የለም። እናቴ ያልተረዳችውን ነገር አልገባኝም የምትል ሴት ናት፤ ለሐኪምም ለዳኛም እንዲያው ነው። አሁንም እንደዚያ ትላለች ብዬ ፈራሁ።

እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ ብድግ አለች። «እደጊ!» አለች። «እደጊልኝ! አፍሽ ይባረክ! በሄድሽበት ሰው ይውደድሽ! ለወግ ለማዕረግ ያብቃሽ! እኔንም ያን ለማየት ያብቃኝ!»

እኔና ሰላም በሩ ላይ ቆመን «አሜን» አልን፣ ከልማድ። ፈረንጆቹም ተከተሉንና «አሜን» አሉ። ከዚያ ጭብጨባው ሆነ። የናርዶስ ፊት እንደዚያ ሲበራ ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም።

ሰው ወደ ምግቡ ሲነሳ ናርዶስ እኔ ወዳለሁበት ኮሪደር ሮጣ መጣች።

«ዳዲ፣ አያቴ ገባት?» አለችኝ በእንግሊዝኛ።

«ገብቷታል።»

«ግን እሷ ስታወራ ለእኔ አይገባኝም። ዋይ?»

ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ልዋሽ አሰብኩ፤ የሚሆን ውሸት ግን አልመጣልኝም። «ናርዱ፣ ይሄ የኛ ቋንቋ አይደለም» አልኳት።

«የማን ነው?»

«የእነሱ።»

«አንተ የኛን ትማሪያለሽ አልከኝ።»

«ተሳስቼ ነው።»

አላለቀሰችም፤ ብታለቅስ ይቀለኝ ነበር። «ሶ፣ የኛ የታለ?» አለችኝ።

አሥር ዓመት ሙሉ ካርጎ ላይ ስሠራ የጠፋ ዕቃ የት እንዳለ ተጠይቄ መልስ አጥቼ አላውቅም። ያን ቀን አጣሁ።

አሮጊቷ መጡ። ማሬ ማለት እሳቸው ናቸው። ሰላም ከኋላቸው እጇን አጣምራ ትከተላለች፤ በቅናት የጀመረ ነገር አሁን ሌላ ቁጣ ሆኗል።

«ኢስቶኒያውያን እንዳልሆንን ያውቁ ነበር?» አለቻቸው።

«ገምቼ ነበር» አሉ ማሬ።

«ታዲያ ለምን አልነገሩንም?»

«በመጀመሪያው ቀን ‹ኤስቲ?› ብዬ ጠየቅኩ። ኢስቶኒያ ማለቴ ነው። ባለቤትሽ በሙሉ እምነት አዎ አለኝ።» ወደ እኔ ዞሩ። «ሰው የራሱ ምክንያት ይኖረዋል አልኩ።»

ሰላም እኔን ያየችበትን አስተያየት እዚህ አልጽፈውም።

ማሬ ግን አላቆሙም። ወንበር ስበው ተቀመጡና እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። «እውነቱን ልንገራችሁ። ቸርቹ ክፍሉን የሚሰጠን አምስት ተማሪ እስካለን ብቻ ነው። የቀሩኝ አራት ነበሩ። ያን ቀን በሩ ላይ የቆምኩት ማንም ካልመጣ ወረቀቱን ለመንቀል ነበር። ልጃችሁ መጣች። ደግሜ ብጠይቃችሁ ይዛችኋት ትሄዳላችሁ። ስለዚህ አልጠየቅኩም።»

«ልጄን ለቁጥር ነው የያዟት?»

«የመጀመሪያውን ሁለት ቅዳሜ፣ አዎ። ከዚያ በኋላ ግን ጎበዟ ተማሪዬ ሆነች። የባሰ ጥፋት እንደሆነ አውቃለሁ።»

ትምህርት ቤቱን የጀመሩት እናታቸው ነበሩ። ከጦርነት ሸሽተው፣ ጀርመን ውስጥ ካምፕ ከርመው፣ ማሬ ገና ሕፃን ሳሉ ነው ወደዚህ የመጡት። ወጥ ቤታቸው ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ የስደተኛ ልጆች ይሰበሰቡ ነበር፤ ወንበር ስለማይበቃ ትንንሾቹ የድንች ጆንያ ላይ ይቀመጣሉ። «የአሜሪካ ትምህርት ቤታችን ካርታ ላይ አገራችን የለችም። ሶቪየት ውጧታል። ስለዚህ እናቴ ወጥ ቤቱ ውስጥ ነበር የምታስቀምጣት» አሉ። ልጆቹ በዙ፣ አዳራሽ ተከራዩ፣ መዘምራን ነበራቸው። «ከዚያ አገራችን ነፃ ወጣች። ሁላችንም አለቀስን፣ ጨፈርን። ተማሪም መቀነስ የጀመረው ያኔ ነው። ቋንቋው እዚያ አለ፣ ምን አስጨነቀን አለ ሰዉ። የእኔም ልጅ እንደዚያ ብሏል። ከቋንቋው አራት መዝሙር ብቻ ያውቃል።»

እናቴ ሳምቡሳ ይዛ ወጣች። ዓሣውን ሞክራው አልወደደችውም። «ሴትየዋ ምን ይላሉ?» አለችኝ። እዚያው ቆሜ የሆነውን ሁሉ ተረጎምኩላት። እስቲ የሚለውን ቃል ስነግራት እንኳ አልሳቀችም።

«ናርዶስ ከወጣች ይዘጋል?»

«ይዘጋል።»

«የኛው ትምህርት ቤትስ የት ሄደ?»

ይህን ለማሬ ጠየቅኩላት። ማሬ ተነሱና ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ያለውን ክፍል ከፈቱ። «አምና እዚህ ነበሩ። ወላጆቹ ሥራ በዛባቸው። እየቀነሱ መጡ፣ አንድ ቅዳሜ ማንም አልመጣም» አሉ። ወንበሮቹ ተደራርበዋል። ግድግዳው ላይ የፊደል ገበታ እንደተለጠፈ ቀርቷል፤ አንድ ጥጉ ተገንጥሎ ወደ ታች ተጠቅልሏል።

እናቴ ሳምቡሳውን ለሰላም ሰጠቻትና ገባች። እናቴ ፊደል የቆጠረችው ትልቅ ሰው ከሆነች በኋላ፣ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ ነው። የተገነጠለውን ጥግ በመዳፏ ደግፋ አቃናችው። ከማዕዘኑ መጥረጊያ አነሳችና በእጀታው ገበታውን መታ አደረገች።

«ነይ» አለቻት ናርዶስን። «ይሄ ሀ ነው።»

ናርዶስ እኔን አየችኝ። «ከመጀመሪያው ልጀምር ነው?» አለችኝ በእንግሊዝኛ፣ የደከማት አዋቂ ትመስላለች። ከዚያ ገባች።

ሰላም ማሬን ይቅር ለማለት ጊዜ ወስዶባታል፤ እኔን ከዚያም በላይ። ያን ቀን ግን እናቴ ነገሩን ቆረጠችው። «ልጅቷን ከወንበሯ አታንሷት። የሰው ቤት በእኛ ልጅ መነሳት አይዘጋም። የኛውን እኔ አለሁ» አለች። በሚቀጥለው ቅዳሜ ናርዶስ የመጀመሪያውን ሰዓት ከማሬ ጋር፣ ሁለተኛውን ከአያቷ ጋር ተቀመጠች። የኢስቶኒያን ድምፅ የለመደ አፍ «ጨ»ም «ጸ»ም አልከበደውም። ጌታሁን ልጁን መለሰ። እናቴ ወደ ደሴ ስትመለስ መጥረጊያውን ሰላም ተረከበች፤ ቅዳሜ ሺፍቷን ቀየረች። እኔ ደግሞ ሞተሬን አጥፍቼ ወደ ላይ መውጣት ጀመርኩ። የማሬ ሰዎች ጥቂት ናቸው፣ እኔ ቫን ስላለኝ ወንበር አመላልሳለሁ፤ በዚያው ሊቀመንበር አደረጉኝ። ማንም አልተወዳደረኝም።

አንባቢዎቼ፣ ከዚህ የምትወስዱት ካለ አንድ ነገር ብቻ ልበላችሁ። ቅዳሜ ብቻውን ቋንቋ አይሰጥም፤ ማሬም ይህን አልደበቁኝም። ወደ እኛ ክፍል አዲስ ወላጅ ሲመጣ ቤት ውስጥ በምን እንደሚያወራ እጠይቀዋለሁ፤ እንዲያፍር አይደለም። ልጄ «የኛ የታለ?» ስትለኝ ከዚያ ቀን ጀምሮ መልሱን እኔው አፌ ውስጥ ይዤ መገኘት እንዳለብኝ ገብቶኛል። ሌሊት ሠርቼ ስመጣ እንግሊዝኛው ይቀልላል። ቢሆንም በአማርኛ አወራታለሁ። እሷም በአማርኛ ትጨቃጨቀኛለች።

ባለፈው መኸር ማሬ ዳሌያቸው ላይ ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው። ልጃቸው ከሩቅ ግዛት እስኪደርስ ሆስፒታል የሄድነው እኔና ናርዶስ ነን። ነርሷ ኮሪደር ላይ አግኝታን «ከማደንዘዣው ከነቁ ጀምሮ ተምታቶባቸዋል። ትርጉም የሌለው ነገር ነው የሚያወሩት፣ እረፍት አጡ» አለችን።

ገባን። ማሬ አልጋው ላይ በጣም ትንሽ ሆነዋል። አንድ ዓረፍተ ነገር ይደጋግማሉ፣ እጃቸው አንሶላውን ይፈትላል። ናርዶስ አጠገባቸው ሄዳ ጎንበስ ብላ አዳመጠች።

«አልተምታታባቸውም፤ ኢስቶኒያኛ ነው» አለች ለነርሷ። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ በአማርኛ «ክፍሉን ማን ቆለፈው ነው የሚሉት» አለችኝ።

«እኔ ቆልፌዋለሁ በያቸው» አልኩ። «ቅዳሜም እኔ እከፍተዋለሁ በያቸው።»

ነገረቻቸው። ማሬ እጃቸውን ከአንሶላው ለቀቁና እንቅልፍ ወሰዳቸው።